የአክሲዮን ዋጋ ሲወርድ ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ? ለደሴና ኮምቦልቻ ጀማሪ ባለአክሲዮኖች

ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም በቴሌብር አክሲዮን ሲሸጥ፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ መጠን ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። በ9,900 ብር ባለአክሲዮን መሆን ይቻል ነበር ማለት ነው። ዋጋው ቁርጥ ስለነበር ወጣ ወረደ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወጋገን ባንክ ቀድሞ በተመዘገበበት በዚህ ገበያ ዋጋ የሚቆርጡት ገዢና ሻጭ ናቸው። ልክ እንደ ሰኞ ገበያ፣ ሻጭ ሲበዛ ይወርዳል፣ ገዢ ሲበዛ ይወጣል።

📌 የጎረቤት ትምህርት

የኬንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ በ2008 አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው በ5 ሽልንግ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ያኔ ደንግጦ የሸጠ ከሰረ። የጠበቀው በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ሲሆን አየ። ግን «ሁሉም እየገዛ ነው» ብሎ በ40 የገባው ሰው በ2023 ከግማሽ በላይ ወርዶበታል። ድርጅቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ የተገዛበት ዋጋና የሰው ስሜት ነው። ደግሞ የወረደ ሁሉ ተመልሶ አይወጣም።

📌 ፈርቶ መሸጥና ተገዶ መሸጥ

ይሄን እኛ ሀገር ማንም ሊያስረዳን አይገባም። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባንክ ተዘግቶ ነበር። ያን ሰሞን ንብረቱን በተገኘው ዋጋ የሸጠ ሰው ሞኝ አልነበረም፤ ለመንገድና ለዳቦ ብር ስላስፈለገው ነው። እጁ ላይ ጥሬ ብር የሌለው ሰው ምንም ያህል ብልህ ቢሆን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ መረጋጋት የሚጀምረው ከመግዛት በፊት ነው።

📌 ምን እናድርግ?

👉 መጀመሪያ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። የቤት ኪራይና የሕክምና ብር አክሲዮን ውስጥ አይገባም።
👉 ተበድራችሁ አትግዙ። ዋጋው ቢወርድም ዕዳው አይወርድም።
👉 ለምን እንደገዛችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ዋጋው ሲወርድ መልሳችሁ አንብቡ። ድርጅቱ ትርፉ ከወደቀ ወይም ዕዳው ከበዛ መሸጥ ልክ ሊሆን ይችላል። የወረደው ዋጋው ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩሉ።
👉 ያለ የሌለውን አንድ ድርጅት ላይ አትከምሩ።
👉 ለመሸጥም ለመግዛትም ስትጣደፉ አንድ ሌሊት አሳድሩት።
👉 ገበያው ገና ልጅ ነው። መሸጥ በፈለጋችሁበት ቀን ገዢ ላይገኝ ይችላል።
👉 ቴሌግራም ላይ «በሳምንት እጥፍ» የሚላችሁን አትመኑ። አገናኝም ሆነ አማካሪ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አጣሩ።

እኛ ግዙ ወይም ሽጡ እያልን አይደለም። ብሩ የእናንተ ነው፤ ውሳኔውም እንደዚያው። ብቻ ሰው ሲሮጥ አይታችሁ አትሩጡ። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ አክሲዮን ለገዛ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉት። 🙏