ከታጁራ እስከ አንኮበር፦ የቅፍለት ማደሪያ

«ሰፈር» ሲባል ዛሬ ብዙው ሰው የሚያስበው የከተማ መንደርን ነው። ቃሉ ግን «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ እንደመሆኑ፣ በጉዞ ላይ ያለ ሠራዊት ወይም ነጋዴ ጓዙን አራግፎ የሚያድርበትንም ቦታ ያመለክታል። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ አንኮበር ለሚወጣው የግመል ቅፍለት ሰፈር መምረጥ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

መንገዱ ገና ከጅምሩ ይከብዳል። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከዚያ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጨው እንደ ልብ ሲሆን የሚጠጣ ውሃ አይገኝም። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚገኘው በየሸለቆው ነው። ሸለቆ ደግሞ ለማደሪያ አይታመንም፤ ጠላት ሳይታይ ይቀርብበታል፣ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብም ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርድበታል። ውሃውም የአንድ ወገን አይደለም፤ ወዳጅም ባላንጣም ይመጣበታል።

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የላከው የሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ልዑክ ይህን ያወቀው በደም ነው። ለንጉሡ ጠመንጃና መድፍ ስጦታ ይዞ የሚጓዘው ልዑክ የአሳልን ጠፍ ምድር በውሃ ጥም ተሠቃይቶ አለፈና ጉንጉንቴ በተባለ ጠባብ ሸለቆ ውሃ አገኘ። እዚያው አደረ። በዚያ የሰኔ ሌሊት በጨለማ ሾልከው የገቡ ሰዎች ሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮችንና አንድ ፖርቱጋላዊ አገልጋይ በተኙበት ገደሏቸው። ጠጥተው ወደ ገላጣው መውጣት ነበረባቸው ማለት ዛሬ ይቀላል፤ ያን ያህል ለተጠማ ሰውና እንስሳ ግን ከውሃ ዳር ተነሥ ማለት የሚደፈር ትእዛዝ አልነበረም። ልዑኩ የሄደበትን ውል በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከንጉሡ ጋር ተፈራርሟል።

በዘይላ በኩል የሚሄዱት መንገደኞች ሌላ ብልሃት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ወደ ሐረር የተጓዘው ሪቻርድ በርተን እንደ አገሩ ልማድ «አባን» የሚባል ጠባቂ ይዞ ነበር። የሰፈሩ ዙሪያ በእሾህ ከታጠረ ጅብና አንበሳ ይከለከላሉ፤ ሰውን የሚከለክለው ግን ከአጥሩ ይልቅ የአባኑ ስምና ዘመድ ነው።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ በጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ሲነሣ መንገዱ ያው ነበር። አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው፤ አራት ወር ያህል በየበረሃው አድሮ ማለት ነው። ምኒልክን ግን እዚያ አላገኛቸውም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሐረርን ይዘው ስለነበር፣ እሱም ሲመለስ የታጁራን መንገድ ትቶ በሐረር በኩል ወረደ።

ንግዱም ቀስ በቀስ ወደዚያው ዞረ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ባቡሩም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጓዘው ቀን ቀን ብቻ ስለነበር ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ጣቢያ ላይ ለእንግዶች ማደሪያ የሚሆን ሆቴል ተሠራ።