የቋንቋ ሞዴሎች ሲያስቡ ስለሚያወጡት ወጪ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አስበው ሲመልሱ የሚያወጡት ወጪ ከየት እንደ መጣና ሊቃውንቱ ወጪውን ለመቀነስ እንዴት እንደ ደከሙ በአጭሩ መመርመር ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ችግሩ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። በ1956 ኒዌል፥ ሾውና ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን «ሎጂክ ቴዎሪስት» የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙም የዋይትሄድና የራስል «ፕሪንኪፒያ ማቴማቲካ» በሁለተኛው ምዕራፉ ካሰፈራቸው ከመጀመሪያዎቹ 52 ቴዎሬሞች 38ቱን አረጋገጠ። መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክር ቢባል ኖሮ ጊዜ አይበቃውም ነበርና፥ ተስፋ ያለውን መንገድ የሚመርጥበት ዘዴ ተሰጠው።

የዛሬው ሞዴል ግን የሚሠራው በሌላ አኳኋን ነው። ጽሑፍን ቶከን በሚባል ቍራጭ እየከፈለ፥ አንዱን ቍራጭ ከሌላው አስከትሎ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱም ቍራጭ አዲስ ስሌት ያስፈልገዋል። በ2022 ጄሰን ዌይና የጉግል ባልደረቦቹ፥ ትልቅ ሞዴል የሒሳቡን ደረጃ እየጻፈ ቢሄድ መልሱ ይበልጥ ትክክል እንደሚሆን አሳዩ። የጻፈው ሁሉ እንደ መሞከሪያ ወረቀት ይረዳዋልና። በመስከረም 2024 ኦፕንኤአይ «ኦ1»ን አወጣ፤ በጥር 2025 ደግሞ የቻይናው ዲፕሲክ «አር1»ን አስከተለ። ዲፕሲክ እንደ ገለጠው፥ የ«አር1» መቅድም የሆነው ሞዴል በአንድ የአሜሪካ የሒሳብ ውድድር ፈተና ላይ ውጤቱ ከመቶ 15.6 ወደ 71 ከፍ ሲል፥ የሐሳቡም ርዝመት አብሮ አደገ።

ከዚህ የተነሣ ወጪው በዛ። በታኅሣሥ 2024 የወጣ አንድ ጥናት፥ እነዚህ ሞዴሎች ሁለትና ሦስትን ለመደመር እንኳ ያለ መጠን እንደሚያስቡ ገለጠ።

መድኃኒት ይሆናሉ ተብለው ከቀረቡት መካከል ሦስቱን እንጠቅሳለን። አንደኛው ወሰን ማበጀት ነው፤ በ2025 የስታንፎርድ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው 1,000 ምሳሌዎች ብቻ ባስተማሩት ሞዴል፥ ሐሳቡን ሲረዝም መቍረጥ፥ ሲያጥርም ማስረዘም እንደሚቻል አሳዩ። ሁለተኛው በየደረጃው ጥቂት ቃላት ብቻ ማስጻፍ ነው። ሦስተኛው ትልቁ ሞዴል የጻፈውን ለትንሹ ማስተማር ሲሆን፥ ዲፕሲክ 800,000 ያህል ምሳሌዎች ለዚህ ተጠቅሟል። በሁሉም ዘንድ ግን አንድ አደጋ አለ፤ ከመጠን በላይ ሲታጠር ከትርፉ ጋር ሞዴሉ ስሕተቱን የሚያርምበት ክፍል አብሮ ይቈረጣል።

ይህ ነገር እኛን ለይቶ የሚነካበት ምክንያት አለ። በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፥ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ቍራጮቹም በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተወሰዱ ስለ ሆኑ፥ ያው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሲጻፍ በብዙ ሞዴሎች ዘንድ ይበልጥ ይከፋፈላል። ክፍያው በቍራጭ ከሆነ ዘንድ በአማርኛ ማሳሰብ ይበልጥ ውድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ማሳጠሩ ከማንም ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሱት የሒሳብ ፈተናዎች በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ያለ ጉዳት የታጠረው በአማርኛም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መደምደም አይገባም። አስቀድሞ በራሳችን ቋንቋ መመዘን እንደሚያስፈልግ እናምናለን፤ ይህም ሥራ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።