ሴሊኒየም በእርጉዝ ፍየልና በግልገሏ ደም ውስጥ፦ ስለተዘነጋው የ1972 ጥናት

ስለ ሴሊኒየምና ስለ እርጉዝ አመንዣጊ እንስሳት የሚጻፈው አብዛኛው የሚነሳው ሙት እና ባልደረቦቹ በ1958 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከኦሪገን ካወጡት ጥናት ነው። በድርቆሻቸው ላይ ጥቂት ሴሊኒየም የተጨመረላቸው እርጉዝ በጎች የወለዷቸው ግልገሎች ከነጭ ጡንቻ በሽታ ድነዋል። ግኝቱን አልነቅፍም። የምቃወመው ያተረፈልንን ልማድ ነው፤ ሴሊኒየም የጡንቻ ጉዳይ ሆኖ ሲቀር ደም የመለኪያ ናሙና ብቻ ሆነ። 

የዘነጋነው ሌላ ሥራ ነው። ሮትራክና ባልደረቦቹ ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ሴሊኒየም እንዳለው ያሳዩበትን የ1973 ጽሑፍ የማይጠቅስ የለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድመው በአይጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ያሳተሙትን ግን የሚያነበው ጥቂት ነው። በዚያ ሙከራ ሴሊኒየም ሕዋሳቱን ከኦክሲዴሽን ጉዳት የጠበቀው ግሉኮስ ሲኖር ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ኤንዛይሙ ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰው በግሉታታዮን ነው፤ ያገለገለው ግሉታታዮን የሚታደሰው ደግሞ ከግሉኮስ በሚገኝ ኤንኤዲፒኤች በተባለ ሞለኪውል ነው። መንታ ያረገዘች ከሲታ ፍየል በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ግሉኮሷን ጽንሶቹ ይሻሟታል። በዚያ ጊዜ ሴሊኒየም ብቻ መውጋት ኤንዛይሙን ሰጥቶ ነዳጁን መንፈግ ነው።

«አይጥ ፍየል አይደለም፤ ያደገ አመንዣጊ ቀይ ሕዋስ ግሉኮስ የሚያስገባው በጥቂቱ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለእኔ ያግዛል እንጂ አይቃወመኝም። ከመጀመሪያውም ጥቂት የሚያገኝ ሕዋስ እጥረት ሲመጣ ቀድሞ ይጎዳል።

«ተወግታ ሄማቶክሪቷ (ቀይ ሕዋሳት በደሟ ውስጥ ያላቸው ድርሻ) አልጨመረም» የሚለው ክርክር ደግሞ በጊዜ ስሌት ይወድቃል። ኤንዛይሙ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ሕዋሱ በአጥንት መቅኒ ሲሠራ ነው። የፍየል ቀይ ሕዋስ አራት ወር ያህል ይኖራል፤ እርግዝናዋ 150 ቀን ገደማ ነው። ከመውለዷ አንድ ወር ቀድሞ ተወግታ ስትወልድ ደሟ ቢቀዳ፣ አብዛኛዎቹ ሕዋሳት ከመርፌው በፊት የተሠሩ ናቸው። ከእነሱ ለውጥ መጠበቅ ትርጉም የለውም።

የሄማቶክሪት መለኪያው ራሱ ያሳስታል። ከአንገቷ ደም ሥር የተቀዳው ደም በቀጭን ቱቦ ተሞልቶ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይረጋል፤ የምናነበው የቀዩን ቁመት ብቻ ነው። የፍየል ቀይ ሕዋስ ስፋቱ 3 ማይክሮን ገደማ፣ ከሰው ሕዋስ ግማሽ የማይሞላ ነው፤ ተጎድቶ ሄሞግሎቢኑ ውስጡ ቢቋጠርም ቁመቱ ያንኑ ሊያሳይ ይችላል። በአገራችን ደግሞ ሄሞንኩስ የተባለው ደም መጣጭ የሆድ ትል ቁመቱን ስለሚያወርድ፣ ትሉ ሳይመረመር ሴሊኒየምን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። መታየት ያለባቸው የሕዋሱ የኤንዛይም አቅም፣ በጨው ውኃ ውስጥ የመፍረስ ዝንባሌውና የሄይንዝ አካላት የሚባሉት የሄሞግሎቢን ቋጠሮዎች ናቸው።

ለግልገሉ ጊዜው ይበልጥ ያሳስበኛል። ፀረ እንግዳ አካላትን ከእንገር እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ሴሊኒየም ግን በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል። የግልገሉ የመጀመሪያ ቀይ ሕዋሳት የሚሠሩት በማኅፀን ሳለ ስለሆነ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ይዘገይባቸዋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያውያን ደም ላይ የተደረገ የ2020 ጥናት የሴሊኒየም እጥረት ሰፊ እንደሆነና ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። ፍየሎቹም የሚበሉት ያንኑ አፈር ያበቀለውን ነው። በእርግጥ ሴሊኒየም በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነውና ያለ ሐኪም መስጠት አይገባም። የሚያስፈልገው ሙከራ ግን ቀላል ነው፦ አራት የፍየል ቡድን፣ አንዱ ያለ ጭማሪ፣ አንዱ በሴሊኒየም ብቻ፣ አንዱ ግሉኮሷን በሚደግፍ እህል ብቻ፣ አንዱ በሁለቱም፤ ሴሊኒየሙ ከእርግዝናው አጋማሽ በፊት ተጀምሮ፣ እህሉ በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ተጨምሮ፣ የእናትም የግልገልም ደም አራት ወር ሙሉ እየተቀዳ።