ስም ያወጣው ሌላ፣ ያስመዘገበው ሌላ

በ2014 ዓ.ም. «ሜታ» የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ዜና ሆነ። በጥቅምት ወር የፌስቡክ እናት ኩባንያ ስሙን ለውጦ «ሜታ» ተባለ። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ሰበታ ያለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከብሪታንያው ዲያጆ እጅ ወጥቶ ወደ ቢጂአይ ኢትዮጵያ ገባ። ሰበታ ላይ «ሜታ» የሚል ጠርሙስ መታሸግ ሲጀምር የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ገና አልተወለደም ነበር። ታዲያ ስሙ የማን ነው?

ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። የንግድ ምልክት የሚጠበቀው ከዕቃው ወይም ከአገልግሎቱ ዓይነት ጋር ተያይዞ ነው፤ የቢራ ምድብ ሌላ፣ የሶፍትዌር ምድብ ሌላ። ስለዚህ ሁለት ሜታዎች ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። የማይቻለው በሌላው የቢራ ስም ቢራ መሸጥ ነው። ስም ዋጋ እንዳለው ደግሞ ሰበታ ራሷ ምስክር ናት። ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ፋብሪካውን ከመንግሥት ሲገዛ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ያ ሁሉ ገንዘብ ለጋኑና ለማሽኑ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ጠጪው አስተናጋጁን ጠርቶ ለሚያዝበት ስምም ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ ግን ስምን ራሱን በቻለ ሕግ ለመጠበቅ ዘግይታለች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ውስጥ ያልተገባ ውድድርን የሚከለክሉ አንቀጾች ነበሩ። ለንግድ ምልክት የተለየ አዋጅ ስላልነበረ ግን ባለ ስሙ ምልክቱ የእሱ መሆኑን ለማሳወቅ ጋዜጣ ላይ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ተቋቋመ፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ተከተለ። የዚህ አዋጅ መርህ አጭር ነው፦ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ አዋጁ የሚጠይቀው ግን ማን እንዳስመዘገበው ነው። ጥበቃው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም ይታደሳል።

የመርሁ ክብደት በግልጽ የታየው በቡና ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። «ሲዳሞ» ላይ ሲደረስ ስታርባክስ «ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» ለሚለው ምርቱ ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ተገኘ። ስሙ «ሽርክና» ይበል እንጂ ባለ አገሩ በስሙ ላይ ድርሻ አልነበረውም። ያ ቡና አሜሪካ ውስጥ በፓውንድ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር። ስታርባክስ በኋላ ማመልከቻውን ቢያነሣም የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። በ1999 ዓ.ም. ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ጻፉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ስታርባክስም የስሞቹን የኢትዮጵያ ባለቤትነት ተቀብሎ ያለ ክፍያ በፈቃድ ሊጠቀምባቸው ፈረመ።

ያኔ ጽሕፈት ቤቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ናቸው። ኢትዮጵያ የንግድ ምልክትን መንገድ የመረጠችው በምክንያት ነበር። በየጓሮው ጥቂት ቡና የሚለቅመውን በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ተከታትሎ የእያንዳንዱን ጆንያ መነሻ ማረጋገጥ ከአቅም በላይ ነው፤ ስሙን ይዞ ለገዢዎች ፈቃድ መስጠት ግን ይቻላል። ደግሞም የአንድ አገር ምዝገባ ድንበር አይሻገርም። ስሙ አሜሪካ እንዲከበር አሜሪካ፣ ጃፓን እንዲከበር ጃፓን መመዝገብ ነበረበት።

ገበያው ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ሸክሙ ይበልጥ ወደ ባለ ስሙ ዞረ። የጌጣጌጥ ኩባንያው ቲፋኒ፣ በስሙ ፎርጅድ ይሸጥበታል ብሎ ኢቤይን ኒው ዮርክ ላይ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢቤይ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2010 በንግድ ምልክቱ ክርክር ይህንኑ አጸና። ገበያው ፎርጅድ እንዳለ በጥቅሉ ማወቁ ብቻ ተጠያቂ አያደርገውም ተባለ፤ ተጠያቂ የሚሆነው የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ሻጭ እንደሆነ እያወቀ ዝም ሲል ነው። ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ጠበቅ ይላል፤ ተነግሮት እርምጃ ያልወሰደ ገበያ ለተባባሰው ጉዳት ከሻጩ ጋር አብሮ ይጠየቃል። በሁለቱም ዘንድ ግን መጀመሪያ መናገር ያለበት ባለ ስሙ ነው፤ ሲናገርም ወረቀት ይዞ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ወደ ተጠቃለሉት ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚመለሰው። የአዲስ አበባ ሰው የሚጠጣው፣ የሚለብሰውና የሚቀባው ብዙ ዕቃ በዙሪያው ባሉ ከተሞች ይመረታል። ድሮ ፎርጅዱን ለመያዝ መርካቶ ወርዶ መደርደሪያ ማየት ይበቃ ነበር። አሁን መደርደሪያው ስልክ ላይ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል የአምራቹን ፎቶ ከራሱ ገጽ ያነሣል፣ ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ «ኦሪጅናል» ብሎ ይጽፋል፣ በሞተር ይልካል። ሲነቃበት ቻናሉን ዘግቶ በሌላ ስም ይከፍታል። ቅሬታው ግን የሚመጣው ለእውነተኛው አምራች ነው።

ብዙ አነስተኛ አምራች ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ስሙ የተጠበቀለት ይመስለዋል። አይደለም። ንግድ ቢሮ የሚመዘገበው የንግድ ስም ነው፤ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። ክፉው አደጋ የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ምልክቱን ካስመዘገበ የምስክር ወረቀቱን አያይዞ የፈጣሪውን ገጽ «አስመሳይ» ብሎ ሊያመለክትበት ይችላል። የአቤቱታ ቅጹ የሚጠይቀው ዕቃውን ማን እንደ ፈጠረ ሳይሆን የምዝገባ ቁጥር ነው። ቀድሞ የሠራው ሰው በፍርድ ቤት ሊከራከር ይችላል፤ እስኪፈረድ ግን ገጹ ተዘግቶ፣ ደንበኛው ተበትኖ ይቆያል።

መንግሥት ለሲዳሞ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ታግዞ ሁለት ዓመት ተከራክሯል። ቡራዩ ላይ በሦስት ሠራተኛ ሳሙና የሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መስኮት ስለ ሁለተኛው መዝገብም ሊነግረው ይገባል። ያ ሰው ማስታወቂያ ከመልቀቁ በፊት ምልክቱን ቢያስመዘግብ፣ ፎርጅዱን ሲያገኝ ስክሪንሾት ይዞ ራሱ አንድ ገዝቶ ደረሰኙን ቢያስቀምጥ፣ የአቤቱታ ቅጹ ሲመጣ የሚሞላው ቁጥር ይኖረዋል።