የመፀው ዝንብና የምሥራቅ ጎጃም ዓይን

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። ዝናቡ አቁሞ እርጥቡ ምድር ፀሐይ ሲመታው ዝንብ ይፈላል። በቢቸናና በሞጣ፣ ወደ ዐባይ ሲወረድም በመርጡለ ማርያም፣ በዚህ ወቅት የሕፃናት ዓይን ዙሪያ ዝንብ ማየት የተለመደ ነበር። ዓይን ላይ ማረፍ የምትወደው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ጀርምንም ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ታደርሳለች። እጅ፣ ነጠላና አብሮ መተኛትም ያንኑ ይሠራሉ።

በሽታው በአንድ ጊዜ አያሳውርም። በልጅነት እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል ያጠብሳል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሕፃናትን የሚይዙት ሴቶች ስለሆኑ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይከብዳል። የጥንቱ መፍትሔ ወረንጦ ነበር። የገባውን ፀጉር ጎረቤት ወይም ልጅ ይነቅላል፤ ፀጉሩ ግን በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ለማስታገስ ያህል እንጂ በሽታውን ለመከላከል የሚረዳ አልነበረም።

የችግሩ ስፋት በቁጥር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ነው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው በአገር ደረጃ 40.1 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62.6 በመቶ ነበሩ። የክልሉ ጤና ቢሮ ከዚያ ቀደም ብሎ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለብ ጋር ሥራውን ጀምሮ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው ስልት አራት ነገሮችን ያጣምራል፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብና አካባቢን ማጽዳት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰመረው የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር ነው። በሞጣ ዙሪያ ባለው በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረው ዘመቻ ነዋሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ መጸዳጃ ቤቶች በየግቢያቸው ሠሩ። ከታቀደው እጅግ የበለጠ ነበር። ቅስቀሳውን ይበልጥ የገፉት ሴቶች ናቸው፤ ከጎሕ በፊት ወይም ከጀንበር በኋላ ብቻ ሜዳ መውጣት የሚፈቀድላቸው እነርሱ ነበሩና፣ ከዝንቡ ይልቅ ክብራቸው የገፋፋቸው ይመስላል።

ጉድጓዱ በእውነት በሽታውን ይገታል ወይ? መልሱ የመጣው ከመርጡለ ማርያም በስተምዕራብ ከሚዋሰነው ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዚህ ወረዳ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ የተከፋፈለ ሙከራ ተካሄደ። በየ3 ወሩ ለሕፃናት አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናቱ ልክፍት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን ያልዋጡት ትልልቆቹም ልክፍታቸው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሌላው ግኝት ከዓይን ያለፈ ነው፦ መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት የመሞት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ታየ። መጸዳጃ ቤት የተስፋፋባቸው መንደሮች ግን መድኃኒት ከታደለ በኋላ ልክፍቱ እንዳያገረሽ በማድረግ ከሌሎቹ አልበለጡም።

ክኒኑም በክልሉ በዘመቻ ይታደል ነበር። ኅዳር 2001 ዓ.ም. በክልሉ የወባና የትራኮማ ሳምንት ተጀመረ፤ መፀው የወባ ጊዜም ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ዘመቻ ማያያዙ ብልህነት ነበር። ሰው በምልክት እንጨት ቁመቱ እየተለካ የሚውጠው መጠን ይወሰናል፤ ሕፃናት ሽሮፕ ይጠጣሉ፤ ከ6 ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል።

ወረንጦም ከመዝገቡ አልተፋቀም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በአማራ ክልል ጥቂት ፀጉር በገባባቸው 1,300 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከ2 ዓመት በኋላ ፀጉሩ የተባባሰባቸው በቀዶ ሕክምና 2.2 በመቶ፣ በመንቀል 13.2 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ በእይታ ግን ልዩነት አልተገኘም። ቀዶ ሕክምና ለማይደርሳቸው ወይም ለሚፈሩት መንቀል ዓይን ማቆያ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ተጠቆመ።

ፊት መታጠብና ውኃ ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚረዱ በዋግ ኽምራ ለ3 ዓመት ተፈትሾ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። የልክፍቱ መጠን ውኃ በተጨመረላቸውና ባልተጨመረላቸው መንደሮች መካከል ልዩነት አላሳየም። ክኒኑ ከ10 ዓመት በላይ ከታደለ በኋላም ትራኮማ ያልጠፋባቸው የአማራ ወረዳዎች ስላሉ እደላው ቀጥሏል።