ፍጥነቱ ሲለካ ያልተለካው ነገር

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረ ገጽ ማለት በአብዛኛው ተጽፎ የተቀመጠ ፋይል ነበር። አንባቢ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ አንስቶ ይሰጣል። በ1995 የወጣው አፓቺ ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራ ስለነበር በአንድ ዓመት ውስጥ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ቀደመ።

ጣጣው የመጣው ገጹ በየጥያቄው እየተሰናዳ መቅረብ ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው መላ ሲጂአይ ይባላል፦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፕሮግራም ማስነሳት፣ መልሱን መቀበል፣ ከዚያ መዝጋት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምድጃውን እንደ አዲስ እንደ መለኮስ ነው። ጃቫ ምድጃው ሳይጠፋ እንዲቆይ አደረገ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ለአፓቺ ፋውንዴሽን ያስረከበው ቶምካትም የዚህ ውጤት ነው። አሠራሩም ተለመደ፤ አፓቺ በር ላይ እንግዳ ይቀበላል፣ ቶምካት ጓዳ ውስጥ ያበስላል።

ታዲያ በርና ጓዳን ማን ያገናኝ? ለዚህ ኤጄፒ የተባለ ፕሮቶኮል ተበጀ። ኤችቲቲፒ ቃላቱን በሙሉ ፊደል ይጽፋል፤ ኤጄፒ ግን «ጌት» የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ባይት፣ የታወቁ የራስጌ ስሞችን በሁለት ባይት ቁጥር ይልካል። አንዴ የተከፈተውንም መስመር ሳይዘጋ ደጋግሞ ይጠቀምበታል።

አገናኞቹም በዙ። ሞድ-ጄኬ ከቀደሙት አንዱ ነበር። ሊተካው የታሰበው ሞድ-ጄኬ-2 በ2004 ተተወ። በ2005 መጨረሻ አፓቺ 2.2 ሲወጣ ኤጄፒን በራሱ ፕሮክሲ ውስጥ አካተተ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራከሩ፤ ማን ይፈጥናል? ሞድ-ጄኬ፣ አዲሱ የኤጄፒ ፕሮክሲ ወይስ ተራው የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ?

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ልኬቱ በቀላሉ ያሳስታል። ባዶ ገጽ ብቻ የሚመልስ ፕሮግራም ከተፈተነ በአገናኞቹ መካከል ልዩነት ሊታይ ይችላል። ፕሮግራሙ ግን ከዳታቤዝ መልስ ለማግኘት 200 ሚሊሰከንድ የሚጠብቅ ከሆነ፣ አገናኙ የሚያተርፈው አንድ ሚሊሰከንድ ምንም አይደለም። ኤችቲቲፒ 1.1ም መስመርን ደጋግሞ መጠቀም ስለሚችል የኤጄፒ ትልቁ ብልጫ ቀስ በቀስ ጠበበ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የፕሮቶኮሉ ሳይሆን የቁጥር አለመጣጣም ነበር። በቀድሞው አሠራር አፓቺ ካልተነካ እስከ 256 ሂደቶች ያሰማራል፤ ቶምካት ግን 200 ሠራተኛ ክሮች ብቻ አሉት። እያንዳንዱ ሂደት አንድ መስመር ይዞ ሲቆይ 56ቱ ከበር ውጭ ይጠብቃሉ። ተጠቃሚው «ሰርቨሩ ቆመ» ይላል፣ ባለሙያው አገናኙን ይቀይራል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው።

ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂንኤክስ ሌላ መንገድ መረጠ። በጥቂት ሂደቶች እጅግ ብዙ ግንኙነት ይይዛል፤ ወደ ጓዳም በተራው ኤችቲቲፒ ይልካል። በዋናው ስርጭቱ ውስጥ ኤጄፒ የለም። ቢሆንም በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ሰርቨሮች አንዱ ሆነ።

የኤጄፒ ትክክለኛ ሂሳብ የወጣው በየካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቻይቲን የተባለ የቻይና የደኅንነት ኩባንያ «ጎስትካት» የተሰኘውን ቀዳዳ አገኘ። ኤጄፒ የተሠራው ከበሩ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ እንዲያምን ነው። የቶምካት 8009 ፖርት ደግሞ ማንም ሳያዘው ለሁሉም አድራሻ ክፍት ሆኖ ይመጣ ነበር። እዚያ ፖርት ላይ የደረሰ ሰው የበረኛውን ቃል አስመስሎ የፕሮግራሙን የውስጥ ፋይሎች፣ የማዋቀሪያ ፋይሎችን ጭምር፣ ማንበብ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡት የቶምካት እትሞች ኤጄፒን ዘግተው ያቀርባሉ፤ የሚከፍተው ሰው የምስጢር ቃል ማስገባት ይጠበቅበታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በዚያ ሁሉ ዓመት ክርክር ሚሊሰከንዱ ተቆጥሯል፣ ባይቱ ተመዝኗል። በንጽጽሩ ሰንጠረዥ ውስጥ የጎደለው አንድ ዓምድ ነበር፦ ይህ መልእክተኛ ማንን ያምናል? ዛሬም የመንግሥት አገልግሎትም ሆነ የባንክ ሥርዓት ሲገዛ የሚቀርበው ዘገባ በሰከንድ ስንት ጥያቄ እንደሚያስተናግድ ያሳያል። በሩና ጓዳው እንዴት እንደሚተማመኑም መጠየቅ ያለበት ከግዢው በፊት ነው።