የአባትና የልጅ ነገር

ባለፈው ወር አኳሪየም ገዛሁ። ውኃ ሞላሁና በዚያው ቀን 5 ዓሣ ጨመርኩበት። በሳምንቱ 3ቱ ሞቱ። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰውዬ!

ነገሩ ሲከነክነኝ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1849 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን ኬሚስት 2 ጎልድፊሽ ቫሊስነሪያ ከሚባል የውኃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። ዓሣው የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፣ ተክሉ በብርሃን ኦክስጅን ይሰጠዋል። ግን የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አበላሸው። ሰውዬው ቀንድ አውጣ ጨመረበት። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉት፣ ውኃው ጠራ፤ እንቁላላቸውም ለዓሣው ምግብ ሆነ። ውጤቱን በ1850 አሳተመ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ፤ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያስ ወዴት ይሄዳል? የሚገርማችሁ፣ ለመልሱ መንገድ ከጠረጉት አንዱ የገዛ ልጁ ነው። ትንሹ ሮበርት ዋሪንግተን በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አፈር ሲመረምር፣ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ፣ ይህንንም የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስያን እንደሆኑ አሳየ። ናይትሬቱን ደግሞ ተክል ይመገበዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠበቅኳቸውም። ዓሣዎቹ የሞቱት በራሳቸው አሞኒያ ተመርዘው፣ በኔ ጥድፊያ ነው።

አሁን ተክል ተክያለሁ፤ ለተረፉት 2ቱ ምግብ ቀንሼ፣ ውኃውን ቶሎ ቶሎ በከፊል እቀይራለሁ። አዲስ ዓሣ ለጊዜው የለም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ሳትቸኩሉ ሥሩ» እያልኩ ስቆጣችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።